የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፦ ለልደታ ነዋሪዎችና ለአስታማሚዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ በልደታ ክፍለ ከተማ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ለያዙ፣ ሰሞኑን ለተሠራላቸው፣ ይልቁንም እቤት ሆነው ለሚያስታምሟቸው ልጆች፣ ዘመዶችና ጎረቤቶች የቀረበ ነው።

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከሀገራችን ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ወገኖች የግማሽ ያህሉን ብርሃን የነሳው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነገር ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ይወስዳል፣ የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ነው፣ ብዙዎችም በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ማየት ይጀምራሉ። ጥቂቶች ላይ ግን በቀዶው ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ችግር ይደርሳል። በጥሩ ሐኪም እጅም ይደርሳል። እንዲህ ሲሆን ዓይኑን የሚያተርፈው ቶሎ መናገርና ቶሎ መመለስ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሕመምን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ይህ ዝምታ የማንንም ዓይን እንዳይወስድ ነው።

ቀጠሮው ሳይደርስ

«ሞራው ይብሰል» እያላችሁ አትጠብቁ። ይህ ምክር በድሮው አሠራር ትርጉም ነበረው፤ ዛሬ ግን ጉዳት አለው። ሞራው በቆየ ቁጥር ይጠነክራል፣ ቡናማ ይሆናል። የጠነከረ ሞራ ሲወጣ ዓይንን የበለጠ ያደክማል፣ በቀዶው ሰዓት ችግር የመፍጠር ዕድሉም ይጨምራል። ማየት መቸገር ኑሮን ማወክ ከጀመረ መታየት ይገባል።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን አስታውሳለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። በተለይ አባቶች፣ በፕሮስቴት ምክንያት ለሚመጣ የሽንት መቸገር የሚታዘዘውን ታምሱሎሲን የሚባለውን መድኃኒት ወስዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከዓመታት በፊት ያቆማችሁትም ቢሆን ለዓይን ሐኪሙ ተናገሩ። ይህ መድኃኒት ጥቁሩን የዓይን ክፍል ያላላዋል። ብሌኑ በቀዶው መሀል ይጠባል፣ ሐኪሙም የሚሠራበት ቦታ ይጠብበታል። ቀድሞ ያወቀ ሐኪም ተዘጋጅቶ ይገባል። ብዙ አባቶች የሽንት ነገር በልጃቸው ፊት ማንሳት ያፍራሉ፤ ልጆች፣ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ወጣ በሉላቸው።

የደም ማቅጠኛ መድኃኒት በራሳችሁ ውሳኔ አታቁሙ። የደም ግፊት መድኃኒታችሁንም «ዛሬ ቀዶ አለብኝ» ብላችሁ አትዝለሉ፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ጠይቁ። በቀዶው መሀል በጣም ከፍ ያለ ግፊት ዓይን ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ይህ ከከፉት ችግሮች አንዱ ነው። ስኳር ያለባችሁም ስኳራችሁ ሳይስተካከል አትግቡ፤ ቁስሉ ለመዳን ይዘገያል፣ ኢንፌክሽንም ይበረታል።

ዓይናችሁ ዓይናር የሚያወጣ፣ ከአፍንጫ አጠገብ ያለው የእንባ ከረጢት የሚመግል፣ ወይም በትራኮማ ምክንያት የቆቡ ፀጉር ወደ ውስጥ ተገልብጦ የሚወጋችሁ ከሆነ እሱ አስቀድሞ መታከም አለበት። ቀጠሮው ይራዘም ቢባል አትከፉ። ጉንፋንና ሳል ካለም እንዲሁ። ጠፍጣፋ ተኝቶ መቆየት የሚያቅተው የልብ ወይም የአስም ሕመምተኛም ይህን ቀድሞ ይናገር።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ልደታና አካባቢዋ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስልጥኛ ብቻ የሚናገሩ አዛውንቶች ያሉባት ሰፈር ናት። በቀዶው ሰዓት ሐኪሙ «ወደ ታች ይመልከቱ፣ አይንቀሳቀሱ» ይላል። ያልገባቸው እናት ወደ ድምፁ ዞር ይላሉ፤ መሣሪያው ያን ጊዜ ዓይናቸው ውስጥ ነው። አማርኛ የማይሰሙ፣ ወይም ጆሯቸው የከበደ ከሆነ፣ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ካርድ ሲወጣላቸው ይነገር።

ጠረጴዛው ላይ

ከመጀመሩ በፊት የትኛው ዓይን እንደሚሠራ በቃላችሁ ተናገሩ፤ ምልክቱ በትክክለኛው ዓይን በኩል መደረጉንም አረጋግጡ። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ቡናማ የአዮዲን ፈሳሽ ዓይናችሁ ውስጥና ዙሪያ ያደርጋሉ። ጀርም የሚገድለው እሱ ስለሆነ ቢቆጠቁጥም ታገሱ።

ፊታችሁ በጨርቅ ይሸፈናል፣ የሚሠራው ዓይን ብቻ ይቀራል። እጃችሁን ከጨርቁ ሥር አውጥታችሁ ፊታችሁን አትንኩ፤ አንዴ የነካ እጅ የጸዳውን ሁሉ ያበላሻል። ሳል፣ ማስነጠስ ወይም ሽንት ቢመጣባችሁ፣ ጭንቅላታችሁን ሳታነቃንቁ «ዶክተር፣ ሊያስለኝ ነው» በሉ። መሣሪያውን እስኪያወጣ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ሕመም ከተሰማችሁም ተናገሩ፤ ማደንዘዣ መጨመር ይቻላል።

ሐኪሙ እዚያ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ኋላ የሚነገራችሁን ለመረዳት ያግዛል። የደፈረሰው ሌንስ ያለው እንደ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ባለ ከረጢት ውስጥ ነው። ሐኪሙ የከረጢቱን ፊት ከፍቶ ሞራውን ያወጣል፣ የኋላውን ግድግዳ ግን ያስቀረዋል፤ ሰው ሠራሹ ሌንስ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። የዚህ ግድግዳ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እንኳን አይሞላም። አንዳንድ ጊዜ ይቀደዳል። ሲቀደድ ከኋላው ያለው ዝልግልግ ነገር ወደ ፊት ይመጣና ተጠርጎ መውጣት አለበት። ሌንሱ በተለመደው ቦታ ላይቀመጥ ይችላል፣ ወይም ለሌላ ቀን ይተዋል። የሞራው ቁራጭ ወደ ዓይኑ ጀርባ ከወደቀ ደግሞ የሬቲና ሐኪም ማውጣት ይኖርበታል።

እንዲህ የሆነ ዓይን ተበላሸ ማለት አይደለም። በደንብ ከተያዘ አብዛኛው ጥሩ ያያል። ማገገሙ ግን የዘገየ ነው፦ የሬቲና እብጠት፣ የሬቲና መላቀቅና የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ከሌላው ይልቅ ያሰጉታል፤ ክትትሉም ረዘም ይላል። ቤተሰብ ይህን ካላወቀ ግን «የእነ እትዬ ዓይን በሦስት ቀን በራ፣ የእኔ እናት ለምን?» እያለ ተስፋ ይቆርጣል፣ ቀጠሮም ይዘላል።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦ ቀዶው በታሰበው መንገድ አለቀ? ከረጢቱ ተቀድዷል? ሌንስ ገብቷል? የገባው የት ነው? መልሱን በወረቀት አጽፉ። ይህን መጠየቅ ሐኪሙን መክሰስ አይደለም፤ በሌሊት ሌላ ሐኪም ዘንድ ብትደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ሌንስ ሳይገባ የቀረላቸው ሰዎች ጉዳይ በተለይ ያሳስበኛል። ፋሻው ሲነሳ ሁሉም ነገር ደብዛዛ ይሆንባቸዋል። «ገንዘቤም ዓይኔም ሄደ» ብለው እቤት ይቀመጣሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ እስኪያስገባ ድረስ በዓለም ላይ ሞራው የወጣለት ሰው ሁሉ የሚኖረው ያለ ሌንስ፣ በወፍራም መነጽር ነበር። ዛሬም ያለ ሌንስ የቀረ ዓይን በመነጽር ማየት ይችላል፣ በሁለተኛ ቀዶም ሌንስ ሊገባለት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤታችሁ ካለ እጁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም መልሱት።

እቤት

በማግስቱ ካለው ቀጠሮ በምንም ምክንያት አትቅሩ። ባቡር አለ፣ ታክሲ አለ፣ ጎረቤት አለ። ፋሻው ተነስቶ ግፊቱና ቁስሉ የሚታየው ያን ቀን ነው።

ጠብታ ከመጨመራችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በሽተኛው ጋደም ይበል። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ዝቅ ስታደርጉት ትንሽ ኪስ ትከፈታለች፤ አንድ ጠብታ እዚያ ጣሉ። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍትም፣ ዓይንም፣ ጣትም አይንካ። የላይኛውን ቆብ አትጫኑት፣ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ያለው በዚያ በኩል ነው። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመሀሉ አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል። ከደብተር አንድ ሉክ ቀድዳችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ጠብታ በገባ ቁጥር ምልክት አድርጉ። ቤት ውስጥ ሦስት አስታማሚ ሲኖር አንዱ «እሷ ጨምራለች» ብሎ ሲተው፣ ሌላዋም እንዲሁ ስትል፣ ዓይኑ ሳይታከም ይውላል።

የታዘዘው ጠብታ ከነማ መድኃኒት ቤትም ሆነ ሌላ ጋ ከታጣ ወደ አዘዘው ሐኪም ደውሉ። «ተመሳሳይ ነው» የተባላችሁትን ገዝታችሁ አትጠቀሙ። ሲያልቅም ሐኪም ሳያዝ አትድገሙ፤ ብዙውን ጊዜ ከጠብታዎቹ አንዱ ስቴሮይድ ስለሆነ ሲቆይ የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል። የተረፈውን ደግሞ ዓይኑ ለቀላ ልጅ ወይም ጎረቤት አትስጡ፤ የቫይረስ ቁስል ያለበትን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ማታ ሲተኙ የዓይን መከለያው ይደረግ፤ በእንቅልፍ ልብ ዓይንን የሚያሽ እጅ ብዙ ነው። በተሠራው ዓይን በኩል አትተኙ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ዓይን ውስጥ ውኃ አይግባ፤ ፊት በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ኩል አይቀባ። ባልዲና ጀሪካን አይነሳ። ድርቀት ያለበት ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ማማጥ ለዓይን ጥሩ አይደለም። ሱረት ለሚስቡም እንዲሁ፤ ማስነጠሱ ይበረታል።

ጸበልን በተመለከተ በአክብሮት እናገራለሁ። የልደታ ምእመን እምነቱን ያውቃል፣ እኔም አልነካበትም። ውኃው ግን ዓይን ውስጥ ሲገባ ገና ያልደረቀ ቁስል ያገኛል። ጸበሉ ከአንገት በታች ይሁን፤ ለዚህ የንስሐ አባትን ማማከር ይቻላል፣ ካህናቱም በሽተኛን የሚያስጨንቁ አይደሉም። ስግደትም እስኪፈቀድ ይቆይ። ሙስሊም ወገኖቻችንም ቁጭ ብለው መስገድ ይችላሉ፤ ለበሽተኛ የተፈቀደ ነው። ግንቦት 1 ቀን የልደታ በዓል ላይ ደጅ እሳት ነድዶ ንፍሮ ሲበላ፣ አዲስ የተሠራላቸው እናት ከጭሱ ራቅ ብለው ይቀመጡ። በየቀኑ ያለው የእንጀራ ምጣድና የዕጣን ጭስም ያው ነው። በርበሬ ሲደለዝና እህል ሲነፋ ከቤት ይውጡ።

«ደህና ነኝ» ሲሉ አትመኑ

«እማዬ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?»
«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? ምሳ በላህ?»

በዚህ መልስ ስልክ አትዝጉ። እናቶቻችን ልጅ ከሥራ እንዳይቀር፣ ወጪ እንዳይበዛ ብለው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥላቸው ያደረን ዓይን «ደህና ነው» ይላሉ። በየጠዋቱ አንድ ዓይነት ቦታ፣ አንድ ዓይነት ብርሃን ላይ አስቀምጧቸው። ያልተሠራውን ዓይን ሳይጫኑ በመዳፋቸው ይሸፍኑ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ትልቁን ቁጥር ያንብቡ፤ ማንበብ ካልቻሉ ስዕሉ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ይንገሯችሁ ወይም ጣት ይቁጠሩ። መልሱን ከጠብታው ሰዓት ጎን ጻፉት። ሩቅ ያለ ልጅ ይህን በቪዲዮ ማስደረግ ይችላል። ሁለቱ ዓይን ክፍት ሆኖ የተጠየቀ ጥያቄ ግን ምንም አይነግራችሁም፤ ደህናው ዓይን ለታመመው ይሸፍንለታል።

መለኪያው ይህ ነው፦ ዛሬ ከትናንት መሻል አለበት። መጠነኛ መቅላት፣ እንባና የአሸዋ ዓይነት ስሜት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ነው፤ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠንካራ ሞራ የወጣለት ዓይን የፊት መስታወቱ (ኮርኒያው) አብጦ ለቀናት፣ አልፎም ለሳምንታት ጉም ሊመስል ይችላል፤ እሱም እየጠራ መሄድ አለበት። ሳይጠራ የቀረ መስታወት አንዳንዴ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል፤ የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ የሚሰበስበው መስታወት ለእንዲህ ያሉ ሰዎችም ይውላል።

ከዚህ በተቃራኒ፣ ከተሠራ በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሕመሙ ከጨመረ፣ ማየቱ ከቀነሰ፣ ቅላቱ ከባሰ፣ ቆቡ ካበጠ፣ መግል ከታየ፣ የዚያኑ ሰዓት ተነሱ። የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በዓይን ሐኪም እጅ አንቲባዮቲክ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ተወግቶ ይታከማል፤ በክኒንና በጠብታ ብቻ አይመለስም። እዚህ ላይ አንድ ሌሊት ማሳደር ዓይኑን ሊያሳጣ ይችላል። «ነገ ያዩኛል»፣ «እሑድ ነው»፣ «ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው» አይባልም። ከባድ ራስ ምታትና ማስመለስ አብሮ ከመጣ የዓይን ግፊት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ብልጭታ፣ የጥቁር ነጠብጣብ ብዛት፣ ከጎን የሚወርድ ጥላ ከታየ ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። እነዚህም ለነገ አይተውም።

ወዴት እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ እወቁ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ግን የሚገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ አራት ኪሎን አልፎ ነው። ሌሊት በር ላይ ቆሞ ይህን መማር ሰዓት ይበላል። ቀዶው የተሠራበትን ቦታ ስልክ፣ የሌሊትና የእሑድ ተረኛ መኖሩን ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁም ማስታገሻ ተቀብላችሁ አትመለሱ፤ «ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ነው» ብላችሁ ሪፈር አጽፉ።

ከገጠር ለመጡ ዘመዶች

ነጻ የዓይን ሞራ ዘመቻ ብዙ ወገኖችን ከጨለማ አውጥቷል። ኔፓላዊው ሳንዱክ ሩይትና አሜሪካዊው ጄፍሪ ታቢን የሂማሊያ የዓይን ሞራ ፕሮጀክት በሚል ስም የመሠረቱት ድርጅት በሀገራችንም የሠራው ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ሰልፉ ላይ ስትቆሙ ግን «ዘመቻው ካለቀ በኋላ ማን ያየኛል? የት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሕክምና ልደታ ዘመድ ቤት ያረፉ አባት በሁለተኛው ቀን «ከብቶቼን ማን ያይልኛል» ብለው አውቶቡስ ተራ ለመሄድ ይነሳሉ። አትልቀቋቸው። ቢያንስ ሐኪሙ ያለው ቀን እስኪሞላ አቆዩአቸው፤ አሳዳሪ ዘመድ ከባድ ወጪ ካለበት እድሩ ያግዘው።

ለባለሙያዎችና ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች

ከረጢት ሲቀደድ ለታካሚው ንገሩት፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ቤተሰቡ ባለበት። በወረቀቱ ላይም ጻፉት፣ የሚደወልበትን ስልክም ጨምሩ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአውሮፓ ጥናት በቀዶው መጨረሻ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ ሴፉሮክሲም ኢንፌክሽኑን ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ እንዳወረደ አሳይቷል፤ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ይህንና የአዮዲን ዝግጅቱን ለወጪ ብላችሁ አታጓድሉ። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2021 (እ.ኤ.አ.) የተስማማበት ግብ የሚቆጥረው የተሠራውን ዓይን ብቻ ሳይሆን ከቀዶው በኋላ በደንብ ያየውን ነው። ወረዳዎችም «ይህን ያህል ሰው ተሠራለት» የሚል ሪፖርት ሲቀበሉ ስንቱ እንደሚያይ ይጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየኮንዶሚኒየሙ ስትዞሩ በቅርቡ ዓይኑ የተሠራ ሰው መኖሩን ጠይቁ፤ አንድ ዓይን ሸፍኖ ማስቆጠር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሳምንታትና ወራት ካለፉ በኋላ

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ማየቱ ተሻሽሎ ከነበረ በኋላ መልሶ ከቀነሰ ሬቲናው አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ዓይኑ እንደገና ሲደፈርስ «ሞራው ተመልሶ መጣ» ይባላል። የወጣ ሞራ አይመለስም። የደፈረሰው የቀረው የከረጢቱ የኋላ ግድግዳ ነው፤ በሌዘር፣ ያለ ቢላዋ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል። ይህን ሳያውቁ እንደገና በእጃቸው እየዳሰሱ የሚኖሩ አዛውንቶች ስላሉ ለዕድርተኛውም ለማኅበርተኛውም ንገሩ።

የመጀመሪያውን ዓይን ወረቀትና የሌንሱን ካርድ አትጣሉ። ሁለተኛው ዓይን ሊሠራ ሲል ይዛችሁ ቅረቡ። በመጀመሪያው ላይ ከረጢት ተቀድዶ ከነበረ፣ ብሌኑ አልከፈት ብሎ ከነበረ፣ ወይም ታካሚው መተኛት አቅቶት ከነበረ፣ ሐኪሙ ለሁለተኛው ሌላ መሣሪያ፣ ተጨማሪ ሌንስና ልምድ ያለው ረዳት አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።